የሦስት ወር መርፌ ደም አያጠራቅምም

እህቴ፣ «የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴት የወር አበባዋ የሚቀረው ደሙ ማህፀኗ ውስጥ ስለሚጠራቀም ነው፣ በኋላም ትመክናለች» ያልሽው ልክ አይደለም። የሚጠራቀም ደም የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታክል ዕጢ አለች፤ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የተባሉ ሆርሞኖችን ትልካለች፣ በእነሱ ትእዛዝ ኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል የሚገኝበት አካል) እንቁላል ያበስላል፣ ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞንም ያመነጫል፣ በኢስትሮጅኑ ደግሞ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል። እርግዝና ካልመጣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ ሆርሞን ይወርድና ያ ሽፋን ተልጦ ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ይህን ትእዛዝ ስለሚያፍነው እንቁላል አይወጣም፣ ሽፋኑም ስስ እንደሆነ ይቀራል። ታዲያ ያልወፈረ ነገር ምኑ ይፈሳል?

የመምከኑን ወሬ ግን ሰው ዝም ብሎ አላመጣውም። መርፌ ያቆመች ሴት ቶሎ ላታረግዝ ትችላለች፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 10 ወር ገደማ መቆየት የተለመደ ነው፣ አንዳንዷ ከዓመትም ታልፋለች። ጎረቤት ደግሞ እስከዚያ መች ይታገሣል! መዘግየት እንጂ መምከን አይደለም። በቅርቡ መውለድ የምታስብ እንክብል ወይም ሉፕ ብትጠይቅ ይሻላታል፣ እነሱን ስታቆም የማርገዝ አቅሟ ቶሎ ይመለሳል። መርፌም ምንም ሳትወስድ የወር አበባዋ የቀረባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሷ ትመርመር።