የደጋ ደም፣ የቆላ ደም

ክርክሩን የጫረው የደባርቁ ልጅ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ያስጎበኛል፤ ለዘመድ ሰርግ ባህር ዳር ወርዶ ነበር። ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቀረሶ እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ ፈረንጆቹ ቧሂት ተራራ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲዘረሩ እሱ ዕቃቸውን ደርቦ ተሸክሞ እንደሚወጣ አጫወተን። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተቃወመውም። ቀጠለና ግን አፉን ሞልቶ፣ «የኛ ደም እኮ ሌላ ነው። ተፈጥሮ የመረጠችው ነው። በጥናት ተረጋግጧል» አለ።

ከጎኑ አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ምኑ ነው የተረጋገጠው?» አሉት።

«ደማችን ነዋ ጋሼ! ስልኬ ላይ አለ፣ ላሳይዎት።»

«ስልክህን ተወው። የተረጋገጠው ደምህ ደህና መሆኑ ነው ወይስ ተፈጥሮ መምረጧ?»

ልጁ ልዩነቱ አልታየውም። ብዙ ሰው አይታየውም። ተፈጥሮ መረጠች ማለት የሚጠቅም ጂን ያላቸው ሰዎች ብዙ ልጅ ስለሚያሳድጉ ጂኑ በትውልድ እየበዛ ሄደ ማለት ነው።

ጥናቱስ አለ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትማዋለች። 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ደም ለኩ። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ በአማካይ ለወንዶቹ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ባህር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ማለት ነው። በዚያ ከፍታ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ ደሙ ይወፍራል። የቲቤቱ ሄሞግሎቢኑ እምብዛም አይጨምርም፣ ኦክስጅኑ ግን ዝቅ ያለ ነው። የኛዎቹ አንዱንም አልሆኑም።

«ይኸው!» አለ ልጁ።

«ይኸው ምን? ከሕፃንነትህ ጀምሮ እዚያው ነው ያደግኸው። ሳንባህም ደረትህም የተሠራው በዚያ አየር ነው። ቆላ ተወልዶ በጡት እያለ ደባርቅ የወጣ ልጅ እንዳንተ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ? የለካኸው ደም ነው። ስለ ምርጫ የምታወራ ከሆነ ጂኑን ማየት አለብህ።»

«ጂኑም ታይቷል ይላል እኮ።»

«እሺ ይታይ። አንድ ጂን ደጋ ላይ በዛ፣ ቆላ ላይ አነሰ እንበል። ከዚያስ? ጥቂት ቤተሰብ ወደ አዲስ አገር ሲሰደድ በደሙ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ይጥቀም አይጥቀም ግድ የለውም። ልጅ ሲወልዱ፣ አገሩን ሲሞሉ፣ አብሯቸው ይበዛል። ካርታ ላይ ሲሳል ምርጫ ይመስላል። ዕድል ነው።»

ከዚያ የመምህርነታቸው ነገር መጣ። «አንድ ተማሪ በሒሳብ 95 አመጣ ብትለኝ ጎበዝ ነው አልልም። መጀመሪያ የክፍሉን ውጤት አምጣ እላለሁ። ክፍሉ በሙሉ 95 ካመጣ ፈተናው ነው የቀለለው። ጂንም እንደዚያ ነው። በሁለት ሕዝብ መካከል አንዱ ጂን ተለያየ ስትለኝ ሌሎቹስ ጂኖች ምን ያህል ተለያዩ ብዬ እጠይቅሃለሁ።»

ልጁ ዝም አለ። አሳው ግን ገና ነው።

ዝምታውን የሰበረችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናት። ፎገራ በኩል ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ የወባ ስላይድ፣ ማለትም ደም የተቀባበት መስታወት፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁሉንም ነገር ዕድል ሊያደርጉት ነው» አለች።

«እስቲ የማይሆነውን ንገሪኝ።»

«ቫይቫክስ የሚባለውን የወባ ዓይነት ልንገርዎት። ስላይዱን ጊምሳ የሚባለውን ቀለም ቀብቼ ዘይት ጠብ አድርጌ ሳየው፣ ቫይቫክስ የገባበት ቀይ ሕዋስ ከሌሎቹ ይተልቃል። ውስጡ ደቃቅ ነጠብጣቦች ይበተኑበታል። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ ግን ቀጭን ቀለበት ነው፣ ሕዋሱም አይተልቅም። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ምዕራብ አፍሪካ ያለ እንደኔ ዓይነት ባለሙያ ግን ቫይቫክስ ብርቅ ነው የሚሆንበት።»

«ለምን?» አለ ጀልባ ነጂው። እስካሁን ጥርሱን እየፋቀ ነበር።

«ቫይቫክስ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ለመግባት ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ሕዋሱ ላይ ይህ ፕሮቲን የለውም። አውሮፓና እስያ ሁሉም አላቸው ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ያለውም የሌለውም አለ። ስለዚህ ቫይቫክስ እኛ ጋ ተመችቶት ይኖራል።»

የተናገረችው ትክክል ነው። ዳፊ የሌለው ሰው ቫይቫክስን እንደሚቋቋም በ1976 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ምክንያቱ ደግሞ በ1995 ተገኘ፦ ቀይ ሕዋስ ፕሮቲኑን እንዲሠራ የሚያዘው የዲኤንኤ ክፍል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። አንዲት ፊደል ብቻ።

ጋሼ ወዲያው እጅ አልሰጡም። «የባንቱ ሕዝቦች ከምዕራብ ተነስተው የአፍሪካን ሰፊ ክፍል ሞልተዋል። ይዘውት ቢሄዱስ?»

«ይዘውት ሄደዋል፣ አልክድም። ግን የክፍሉን ውጤት አምጡ ብለዋል፣ ላምጣልዎት። የጂን ተመራማሪው ሪቻርድ ልዎንቲን በ1972 ሲያሰላው፣ ከሰው ልጅ የጂን ልዩነት 85 በመቶው የሚገኘው እዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነው። ከሕዝብ ሕዝብ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በኋላ የሰው ዲኤንኤ በሙሉ ሲታይም፣ አንዱ አህጉር ላይ ሁሉም ሰው ያለው፣ ሌላው ላይ ማንም የሌለው ፊደል ከስንት አንድ ነው የሚገኘው። ፍልሰት ብቻውን ያደረገው ቢሆን ሌሎቹም ጂኖች እንደዚሁ በተራራቁ ነበር። አልተራራቁም። ዳፊ ነው ከክፍሉ ያፈነገጠው።»

«ይሄ ነጥብ ነው» አሉ ጋሼ። እንደ ድሮ ተማሪያቸው አዩዋት።

ጀልባ ነጂው ግን አልጠገበም። «ቆይ፣ ቫይቫክስ እኔን ስንቴ ይዞኛል። ይኸው አለሁ። ካልገደለ ምኑን መረጠ?»

ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ባለሙያዋም ቸኩላ አልመለሰችም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ተመልሶ እንደሚነሳ፣ ሕፃን ልጅን ደጋግሞ ሲይዘው ደሙን እንደሚጨርስ፣ ነፍሰ ጡርንም እንደሚጎዳ ነገረችው። ምርጫ ማለት የሞተና የዳነ ብቻ አይደለም፤ ስንት ልጅ አደገ ነው ጥያቄው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ በሽታ ያን ያህል ብርቱ ምርጫ ማምጣቱ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን እንደሚያከራክር አልደበቀችም። መከላከያውም ሙሉ አይደለም። ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይ ቫይቫክስ ማዳጋስካርም እኛም አገር ተገኝቷል።

የሚገድለውን ወባማ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። በ1958 እ.ኤ.አ. ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ አካባቢዎች በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

መሃል ላይ አንዱ ወተት አነሳ። ካደጉ በኋላ ወተት የሚስማማቸው ሰዎች በአውሮፓ አንድ የታወቀ የፊደል ለውጥ አላቸው። ምሥራቅ አፍሪካ ግን ሌሎች ለውጦች ናቸው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በርከት ያሉ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሥራቸው አንድ ነው፣ ፊደላቸው ለየቅል። የአውሮፓውን ፊደል ብቻ ይዞ ካርታ የሚስል ሰው አርብቶ አደሩን አገር ባዶ አድርጎ ይስለዋል። ይሄን ሁሉም ተቀበለው። አሳውም መጣ።

እኔ ስፈርድ ለባለሙያዋ ነው የማደላው። ጋሼ የጠየቁት ትክክል ነበር፣ መልሱን ግን ቀድመው ወስነውት ነበር። ለእንዲህ ያለ ክርክር ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ለኔ አንቶኒ አሊሰን የሚባል ኬንያ ያደገ ሐኪም ያገኘው ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ እየዞረ የሰው ደም መረመረ፤ ሲክል ሴል የሚባለውን፣ ቀይ ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለውን የደም ጠባይ ነበር የሚፈልገው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርና ባሕር ጠረፍ ከ20 በመቶ በላይ አገኘ። ደጋውና ደረቁ አገር ላይ ከ1 በመቶ በታች። ዋናው ነገር ቁጥሩ የተከተለው ቋንቋን ወይም ጎሳን አለመሆኑ ነው። የማይዛመዱ ሕዝቦች ወባ ባለበት ተመሳሰሉ። በ1954 ጠባዩ ከወባ እንደሚከላከል አሳትሞ አወጣ። ፍልሰት እንዲህ አያደርግም።

ተቃራኒውም ይሠራል፦ ዘመዳሞች በአየር ንብረት ምክንያት ሲለያዩ። የቲቤትና የቻይና ሃን ሕዝብ በአብዛኛው ጂናቸው ቅርብ ናቸው። በ2010 ሲነጻጸሩ ግን ኢፓስ1 የሚባል ጂን ላይ አንዲት ፊደል በቲቤት 87 በመቶ፣ በሃን 9 በመቶ ሆና ተገኘች። የክፍሉ ውጤት እንዲያ ሆኖ አንድ ተማሪ እንዲህ ሲለይ ጋሼም አይከራከሩም።

የደባርቁ ልጅስ? ልኬቱ የማይካድ ነው። ሕዝቡም ከፍታው ላይ ለሺህ ዓመታት ኖሯል፤ ተፈጥሮ ለመምረጥ ጊዜ አላጣችም። ከ2012 ጀምሮ የወጡት የጂን ጥናቶች ግን አንዱ አንዱን ጂን፣ ሌላው ሌላውን ነው የጠቆሙት። እንደ ኢፓስ1 ጎልቶ የወጣ አንድ ፊደል የለም። ምናልባት ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት እየተጋገዙ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ በካርታ መያዝ ከባድ ነው። ስለዚህ ተመርጠናል ማለቱን ልክ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ተረጋግጧል ማለቱን ግን አልቀበልም። «የኛ ደም» የሚለውን ከነጭራሹ ቢተወው ደስ ይለኛል። አሊሰን ያየው እኮ ጠባዩ ወባ ያለበትን ሐይቅ ዳር ሲከተል ነው፤ ጎሳ አልመረጠም። በዚህ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለች ወሬ ከአሳ ቤት ወጥታ የት እንደምትደርስ እናውቃለን።

ለባለሙያዋ ነገሩ የጉራ ጉዳይ አይደለም። አፍሪካዊ ሁሉ ዳፊ የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው ስላይዷ ላይ ያለውን ትልቅ ሕዋስ አይቶ ያልፈዋል። በሽተኛው ለፋልሲፓረም ብቻ ታክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ጉበቱ ውስጥ የተደበቀው ደግሞ ከወራት በኋላ ይነሳበታል።