ሚንት «አሮጌ ነው» ለሚሏችሁ ጆሮ አትስጡ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቻችን የያዝነውን ያገለገለ ላፕቶፕ አይቀበልም። እናም ደሴና ኮምቦልቻ የማውቃቸው ተማሪዎች፣ ጽሕፈት ቤት የከፈቱ ልጆች፣ አንድ ሁለት አስተማሪዎችም በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ወደሆነው ሊኑክስ ሚንት እየገቡ ነው። ደግ አደረጉ። ጣጣው የሚመጣው ከተጫነ በኋላ ነው። አንዱ «አዋቂ» ጎራ ይልና የጂምፑን (የፎቶና ዲዛይን ፕሮግራሙን) ቨርዥን አይቶ «ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል» ይላል፤ ልጁም ማታውኑ ከቴሌግራም ቻናል ያገኘውን የተርሚናል (በጽሑፍ ማዘዣ መስኮት) ትእዛዝ ሁሉ፣ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ፣ እየገለበጠ ሲለጥፍ ያድራል።

አብሽሩ፣ ሚንት ወደኋላ የቀረ የሚመስለው ሆን ተብሎ ነው። ሚንት 22 ሐምሌ 2016 ላይ ሲወጣ የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በተባለ ሌላ የሊኑክስ ሲስተም ላይ ነው፣ እሱ የወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው። ያኔ የነበሩት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ቨርዥናቸው እዚያው ይቆማል። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው በዚያው ቨርዥን ላይ ተጨምሮ ይመጣል፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥብቅ ክትትል ያለው ለዋናው የሲስተሙ ክፍል ነው፤ ጂምፕን የመሰሉት ከዚያ ውጭ ናቸው። ብሮውዘሩ ላይ ግን ስጋት አይግባችሁ፣ ፋየርፎክስን ሚንት ራሱ አዲሱን እየተከተለ ያመጣላችኋል፤ አፕዴት ማኔጀሩን መክፈት ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሲስተሙን ተዉት፣ እንጀራችሁ የሆነውን ፕሮግራም ብቻ አድሱ።

ለወረዳ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሚንት 22 ይዞት የመጣው የጽሕፈት ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ 24.2 ምን ጎደለው? ምንም። ፒያሳ የሠርግ ካርድና ባነር የሚሠራው ልጅ ግን ሌላ ነው። ጂምፕ 3.0 መጋቢት 2017 ላይ ወጥቷል፤ ኢፌክት ካደረጋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ልኩን ማስተካከል ያስችላል። ሚንት 22 ፕሮግራም የሚያወርድበት ማከማቻ ውስጥ ያለው ግን ገና 2.10 ነው፣ እዚያ ብዥታው በዛ ካላችሁ ወደኋላ መልሳችሁ እንደገና መጀመር ነው። ደንበኛ አጠገቡ ቆሞ «ትንሽ ይቀነስ፣ አይ ይጨመር» ለሚለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ልጅ አዲሱን ይጫን እንጂ!

እንዴት? ሶፍትዌር ማኔጀሩን ክፈቱና ጂምፕ ብላችሁ ፈልጉ። ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ አንዱ የሲስተሙ ፓኬጅ፣ ሌላው ፍላትፓክ። አዲሱ ፍላትፓኩ ነው። ከሲስተሙ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ ቢበላሽም ሌላውን አይነካም። ግን «ጫን» ከማለታችሁ በፊት መጠኑን እዩት። ፍላትፓክ የሚያስፈልገውን መሠረት ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ጊጋባይት ይጎትታል። ያንኑ መሠረት የሚጋራ ሁለተኛ ፕሮግራም ሲጫን ይቀላል። ውጭ አገር ያሉት መካሪዎች «ሁሉንም በፍላትፓክ አድርጉት» ሲሉ ይሄ አይታያቸውም፤ እነሱ ዳታ በፓኬጅ አይገዙም፣ እኛ እንገዛለን። በሞባይል ሆትስፖት ሦስት ፍላትፓክ ያወረደ ሰው የወሩን ፓኬጅ ቻው ይበለው።

ደግሞ ከስሩ «ያልተረጋገጠ» የሚል ካያችሁ ቆም በሉ፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያወጡት አይደለም ማለት ነው። ሚንት 22 ላይ እንደውም እነዚህ ራሳችሁ ካልፈቀዳችሁ አይታዩም።

የምቃወመው ፒፒኤውን ነው። ብዙ ቻናል ላይ የሚለጠፈው ትእዛዝ በአብዛኛው ይሄው ነው፦ አንድ የማታውቁት ሰው የከፈተውን ማከማቻ ለሲስተማችሁ ማስተዋወቅ። ያ ሰው ነገ ቢሰለቸው ፕሮግራሙ ባለበት ይቀራል። ይባስ ብሎ አብሮት የመጣው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) ከሲስተሙ ጋር ይጋጭና ከሚንት 21 ወደ 22 ልሻገር ስትሉ መንገዱ ላይ ይቆማል። ለአንድ መስኮት ብሎ የቤቱን መሠረት የሚቆፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ታይምሺፍት ክፈቱና ስናፕሾት (ሲስተሙ ቢበላሽ የምትመለሱበትን ቅጂ) ያዙ፣ ሚንት ውስጥ ያለ ነው። ቴሌግራም ለሚፈልግ ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከራሱ ድረገጽ የሚወርደው የታመቀ ፋይል ተፈቶ ይከፈታል፣ ከዚያ ራሱን በራሱ ያድሳል።

ለኛ አካባቢ የሚሻለው ግን አፕኢሜጅ ነው ባይ ነኝ። አንድ ፋይል ነው፣ አለቀ። ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ ላፕቶፑ ላይ በቀኝ ክሊክ እንዲሠራ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ይከፈታል። ጂምፕም፣ የሥዕልና ሎጎ መሥሪያው ኢንክስኬፕም፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ኬደንላይቭም፣ ሊብሬኦፊስም በዚህ መልክ ከየራሳቸው ድረገጽ ይገኛሉ። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ራሱን አለማደሱ ነው፤ አዲስ ሲወጣ ዳግም ማውረድ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የከረመበት ክልል ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን በፍላሽ የሚዞር ፕሮግራም ቅንጦት አይደለም።

እዚህ ላይ ኳሷ በኮምፒውተር ጥገና ቤቶቻችን እግር ላይ ናት። ፊልምና ድራማ በሃርድ ዲስክ ሞልተው ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። የነዚህን አራት አምስት ፕሮግራሞች አፕኢሜጅ አንዴ በዋይፋይ አውርደው፣ ፋይሉ ሳይነካካ መድረሱን በቼክሰም (የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር ድረገጹ ላይ ካለው ጋር በማስተያየት) አረጋግጠው፣ ቀኑን ጽፈው ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጡ ምን ይከብዳቸዋል? ከሐይቅ ወይ ከወረኢሉ የመጣ ተማሪ ፍላሹን ሰክቶ ይሄዳል። ያስከፍሉበት፣ ሕጋዊ ሥራ ነው። ዊንዶውስ በክራክ ከመጫን ይሻላቸዋል።