ላዩ ላይ ለሚቀዱልን

ምስጋና የሚገባው ሰው ሳይመሰገን ሲቀር ይከነክነኛል። ሯጩ ይመሰገናል፣ ዘፋኙ ይሸለማል። ካሴት አጥፊው ግን እስከ ዛሬ አንድ የምስክር ወረቀት እንኳ አልደረሰውም። ዛሬ እኔ ላመስግነው።

የማውቀው አጥፊ ሩቅ አይደለም። የገዛ አጎቴ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ጋሼ።

ያኔ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። የእሁድ ድራማ ሲጀምር ሰፈርተኛው ሁሉ እዚያ ይታጨቃል። አያቴ እማሆይ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ዳገቱም አይቻላቸውም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ የቴፑን ባትሪ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ማታ ቴፑን ተሸክሞ ይሄድና ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ሥር ያስቀምጠዋል። ቀይዋን ቁልፍ ከጎረቤቷ ጋር አንድ ላይ ይጫናል። "ማንም እንዳያስነጥስ!" ይላል።

ሰኞ ማታ እማሆይ እንዝርታቸውን እያሾሩ ድራማውን ይሰማሉ። ምስሉን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ። "ይቺ ክፉ ሴትዮ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ያስታውቃል" ይሉ ነበር። እውነትም ቀጭን ነበረች።

ድራማው ባለ አራት ክፍል ነው። ወንድሜ አራተኛው እንዳይጠፋበት ብሎ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበራቸው። ጥርሱ የወለቀ ካሴት ላይ መቅዳት አይቻልማ። ጋሼ ግን በጥርስ የሚበገር ሰው አይደለም። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ለጥፎ የልጁን ሰርግ ቀዳበት። እማሆይ ካሴቱን ሲከፍቱ ሟቿን ያየችው ጎረቤት "ገዳዩማ..." ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ቀጭ! "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ሙከራ፣ አንድ ሁለት።" ጋሼ ነው። ቀጥሎ የጋሼ ፉከራ።

እውነተኛውን ገዳይ እየማልን ነገርናቸው። አልተቀበሉም። "እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ልጄን ነው" አሉ። እስኪያርፉ ድረስ ጋሼን በዚያው ዓይን ነው ያዩት።

ጋሼን ብቸኛ እንዳታደርጉት። ትላልቆቹም እንዲሁ ናቸው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1963 "ዶክተር ሁ" የሚባል በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ድራማ ጀመረ። ያን ጊዜ የቪዲዮ ክር ውድ ነበርና አጥፍቶ ሌላ ቀዳበት። ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ምስላቸው የለም። ጀግናው ጊዜን ተሻግሮ ይሄዳል፣ የራሱን ካሴት ግን መድረስ አልቻለም። ናሳም ሰው ጨረቃ ላይ የወረደበት የ1969 ዋና ክሮች ተጠርገው ሌላ ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ በ2009 አሳውቋል። ጨረቃ ድረስ ሄዶ ክር ይቆጥባል! ጋሼ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደኮራ።

እንግሊዞቹ ግን ሥራቸውን የሚያበላሽባቸው አላጡም። በየቤቱ እንደ ወንድሜ ያሉ ልጆች ነበሩ። ቴፓቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው "እማ፣ ዝም በይ!" እያሉ ድምፁን ቀድተዋል። በዚህ የተነሳ ምስሉ የጠፋው ክፍል ሁሉ ድምፁ ተርፏል። ምን ይደረግ! ኋላ ጩኸቱን አጽድተው፣ ዝም በሚባልበት ቦታ "አሁን በሩን ከፍቶ ገባ" የሚል ተራኪ ጨምረው በሲዲ ሸጡት። ለአንዳንዱም ካርቱን ሣሉለት። ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ድረስም ሄደው ዘጠኝ ክፍል ይዘው እንደተመለሱ በ2013 አሳወቁ። አንድ ፕላስተር የማይገዛ ሕዝብ ይህን ሁሉ ወጪ!

የእኛ አገርም ድሮ እንዲህ ያለ ድካም ያውቅ ነበር። የዋሸራና የጎንጅ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ መምህሩ አንዴ የዘረፉትን ቅኔ በጆሮው ይዞ አገር ያቋርጥ ነበር። ያለ ድንጋይ፣ ያለ ክር። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" የሚሉት አባቶች ካሴትን አላዩም። በካሴት ያለ ይደረብበታል።

ደግነቱ ሙያው አልጠፋም፣ ለወጣቱ ተላልፏል። ፍኖተ ሰላም ሙዚቃ የሚጭን አንድ ልጅ ሚሞሪዬን ሰጥቼው ነበር። የእማሆይ የእህታቸው የልቅሶ ግጥም እዚያ ላይ ነበር፣ የአርባ ቀናቸውን የተቀዳ። ልጁ እጁን እያራገፈ መለሰልኝ። "ቫይረስ ነበረበት፣ ፎርማት አደረኩልህ።" ቀና ልብ! ሳልጠይቀው ነው ያደረገው። በላዩም መቶ ምናምን ዘፈን መርቆልኛል።

አንድ መሥሪያ ቤትም ሄጄ የድሮ የአዝማሪ ካሴቶች እንዳሏቸው ጠይቄ ነበር። ነበሯቸው። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በሦስት ፊርማ ተወግደዋል። ቃለ ጉባኤው ግን በጥሩ ሁኔታ ተቀምጧል፣ አሳዩኝ።

እና ባለፈው ፋሲካ አንድ ጥፋት ተገኘ። የድራማው ሁለተኛ ክፍል ከአክስቴ ጓዳ፣ ከቅቤ ቅል ሥር ወጣ። እንዴት ከጋሼ እጅ እንዳመለጠ አይታወቅም። ባሕር ዳር ያለው የእህቴ ልጅ ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጠው መጥቶ ነበርና ክሩን በእስክሪብቶ አጥብቀን ከፈትነው።

መጀመሪያ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ። ከዚያ ቡና ይወቀጣል። ደጅ ላይ አንዱ "ቤቶች!" ይላል። ከሁሉ ሥር ያቺ ክፉ ሴትዮ ትስቃለች። "ኧረ ያንን ልጅ ዝም አሰኙት!" የእናቴ ድምፅ ነው። የሚያለቅሰው እኔ ነኝ።

ምስሉን በየተራ መጠገን ጀመርን። አክስቴ፣ "አሁን መስኮቱ ጋ ቆማለች።" ወንድሜ፣ "የለም፣ ተቀምጣለች።" እህቴ፣ "ቀሚሷ ቀይ ነው።" አክስቴ፣ "አረንጓዴ ነው እንጂ፣ ምን ነካሽ!" ቡናው ሁለተኛው እስኪወርድ በቀሚሱ ተጣሉ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ እንደነበረ ለማናቸውም ትዝ አላላቸውም። የእህቴ ልጅ ይህንንም ሳይነግረን ቀድቶታል።

ጋሼ እስከዚያ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ነበር። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ሲል ምርኩዙን ተመርኩዞ መጣ። አገላበጠው። መነጽሩን አውልቆ ጀርባውን አየ።

"በዚያኛው በኩል ባዶ ነው?" አለኝ።