ሁለት ዓይን የተሣለለት፣ አንድ ዓይን የተሣለበት

ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ባለው ብሔራዊ የሥዕል ቤት ውስጥ ቁመቱ 82፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል አለ። ከአንድ ትልቅ መሶብ አይበልጥም። ያን ቫን አይክ የሣለው ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ አለች። እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የትምህርት ቤት ሕፃናት ወለሉ ላይ ይዘረገፋሉ። አስተማሪዋ አትናገርም፤ ትጠይቃለች። «ምን ታያላችሁ?» «ውሻ!» «ወዴት ነው የምታየው? ለምን መሐላቸው ቆመች? ባትኖርስ ምን ይጎድላል?» ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ አንዲት ውሻ! የሚያንገበግበው ይኸ ነው።

በእኛ በኩልስ? ከመንዝ እስከ ቡልጋ፣ ከተጉለት እስከ ሸንኮራ ስንት መቅደስ ከእግር እስከ ራሱ በሥዕል ተሸፍኗል! ልጁ ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ያንን እያየ ያድጋል። «ተሳለም» ያለው ሞልቷል፤ «ምን ታያለህ?» ያለው ግን የለም። ከዚያ ልጁ አድጎ ውጭ አገር ይወጣል፣ ቲኬት ቆርጦ የሰው ውሻ ሲያደንቅ ይውላል።

ቫን አይክ ከግድግዳው መስታወት በላይ በላቲን «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበረ» የሚል ፊርማ ትቶ ዓመቱን ጽፎበታል፤ እ.ኤ.አ. 1434። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ኋላ ደብረ ብርሃንን የቆረቆራት። የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር አጥብቆ ያዘዘ ንጉሥ ነበር። በእሱ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ መነኩሴ ጣና ላይ ሥዕሉን ስሙን ጽፎበት አልፏል። እዚህ ውጭ አገር ያሉ ሙዚየሞች ከእኛ በመጣ ሥዕል ሥር «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብለው ሲለጥፉ፣ ሁሉም ያልታወቀ የሚመስለው ሰው ይኖራል። (የደብረ ብርሃን ነገር ከተነሣ፦ ጣሪያው በኪሩቤል ፊት የተሞላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የጎንደሩ ነው። ቱሪስት ሰሜን ሸዋ ወርዶ «መላእክቱ የት አሉ?» ቢል አይፈረድበትም፤ የእኛም ልጆች ይሉታል።)

የውሻዋ ትርጉም ላይ የእዚህ አገር ምሁራን እስካሁን አልተስማሙም። አንዱ ታማኝነት ነው ይላል፤ ሌላው ውሻ ነች፣ በቃ ይላል። በጠራራ ፀሐይ የበራችው አንዲት ሻማ የእግዚአብሔር መገኘት ምልክት ናት ያለ ነበር፤ ያልተቀበለውም አለ። ሴትዮዋ እርጉዝ ትመስላለች፤ የለም፣ የዘመኑ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ሰብስባ ይዛው ነው ተባለ። ስድስት መቶ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው፣ ክርክሩ አላለቀም።

የእኛ ሠዓሊ እንዲህ አያከራክርም። ሕግ አለው፤ የመጀመሪያው ሕግ ዓይን ነው። ደግ ሰው ፊቱን ወደ እናንተ መልሶ፣ ወይም ጥቂት ዘወር ብሎ ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ለማግኘት ጽሕፈት ማንበብ አያስፈልግም። አሥራ ሦስቱን ራስ ቆጥሮ ጎኑን የሰጠውንና አክሊለ ብርሃን የሌለውን ማየት ነው። ለጻድቁ ሁለት ዓይን ይሣልለታል፤ በከሃዲው አንድ ዓይን ይሣልበታል። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት ከበር ላይ ሆና ማን ማን እንደሆነ እንድታውቅ የተሠራ ነው። ሊቅ አያስፈልገውም፤ ሕጉን የሚነግር አንድ ሰው ብቻ ይበቃዋል።

ሕጉ የሚያምረው ድንበሩ ላይ ሲደርስ ነው። ስቅለቱ ላይ ጎኑን በጦር የሚወጋውን ለንጊኖስን እዩት። በትውፊታችን አንድ ዓይኑ የጠፋ ነበርና ደሙ ሲነካው በራለት። እንግዲህ ሠዓሊው የሚሥለው የቱን ለንጊኖስ ነው? ወጊውን ወይስ አማኙን? ፊቱ ምን ያህል ወደ እኛ እንደዞረ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ ወይም እንደተከፈተ ሲታይ፣ ሠዓሊው ታሪኩን የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንዳቆመው ይታወቃል። ከመስቀሉ ሥር ያለው የራስ ቅል የአዳም ነው፤ ደሙ የሚንጠባጠበው በእሱ ላይ ነው። ከላይ ፀሐይ ጨልሟል፣ ጨረቃ ደም ለብሳለች። ከዚች ውሻ ጋር ሲተያይ የግማሽ ዓመት ትምህርት አይወጣውም?

የአድዋ ሥዕልም የሚነበበው በዚሁ ሕግ ነው። የእኛ ሠራዊት ብዙውን ጊዜ በስተግራ፣ ፊቱን መልሶ፣ ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ጣሊያኑ በስተቀኝ በጎኑ ተደርድሯል። ከመሐል በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይወርዳል። ምኒልክ (የአንጎለላው ተወላጅ) ከነጃንጥላቸው ከፍ ብለው፣ ጣይቱ ዝቅ ብለው በፈረስ ላይ ይታያሉ። ብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ አንዱ አለ። የጎብኚውን አስተያየት ስትሰሙ ግን «ጥልቀት የለውም፣ የሩቁና የቅርቡ እኩል ነው» ነው። ኧረ በሥላሴ! ንጉሡ የገዘፈው ቅርብ ስለሆነ ሳይሆን ንጉሥ ስለሆነ ነው። መጠን የሚሰፈረው በማዕረግ እንጂ በርቀት አይደለም። ለነገሩ የቫን አይክ ክፍል መስመሮችም ቢቀጠሉ አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ እሱን ግን «ጥልቀት አያውቅም» የሚለው የለም።

ክንፍ ያለው ሁሉ መልአክ መስሎ የሚታየው ሰውም ብዙ ነው። የቡልጋው ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አላቸው፤ ግን ሽበት፣ የመነኩሴ ቆብና አጠገባቸው የወደቀ የተሰበረ እግር አለ። ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆመው ጸለዩ የሚለው ገድል በዚያች እግር ተጽፏል። እግሯን ያላየ ሥዕሉን አላየም። ገብረ መንፈስ ቅዱስን አንበሶቹና ነብሮቹ ይለዩአቸዋል፤ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣው ወፍ ደግሞ ማኅተማቸው ናት። ፈረሰኞቹን የሚለየው ከፈረሱ እግር ሥር የወደቀው ነው፦ ዘንዶ ከሆነና ዛፍ ላይ ብሩታዊት ካለች ጊዮርጊስ፤ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ ኡልያኖስ፣ በጦር ከተወጋና ፈረሱ ጥቁር ከሆነ መርቆሬዎስ፤ ሴት ከሆነች ሕፃናት ገዳይዋ ውርዝልያ ናት፣ ወጊውም ሱስንዮስ። ራስጌ የተጻፈው ግእዝ ብዙውን ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግሥ ብቻ ከገባ ታሪኩ ተገኘ።

ቦታውም ቃል ነው። በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ በብዛት የሚውለው በመቅደሱ ውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዘው ይቆማሉ፤ በላይ ሥላሴ፣ በጎን ስቅለቱ። በብዙ ቦታ ፈረሰኞቹ በሰሜን፣ ወንዶች በሚገቡበት በኩል ናቸው። ስለዚህ ሙዚየም ሥዕል ያለበትን አንዱን ጨርቅ ከግድግዳው ነቅሎ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲሰቅለው፣ ከዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ቆርጦ እንደ መስቀል ነው። መብራቱ፣ ርቀቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ አሪፍ ነው፤ ለብራናና ለጨርቅ 50 ሉክስ ብቻ ይፈቅዳሉ። (ለማስታወስ ያህል፣ አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን አንድ ሉክስ አካባቢ ነው። በብርሃን ጉዳይ የእኛ ጨለማ መቅደስ ከእነሱ በላይ ጠንቃቃ ነበር፤ ጥላሸቱ ነው ያስቸገረን።)

እስካሁን የተማረርሁት በፈረንጅ ነው። አሁን ወደ እኛው።

የእድሳት ምረቃ ቪዲዮ በየጊዜው በስልካችን ይመጣል። ገንዘቡን የሰጠን እኛ ነን፤ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከፍራንክፈርት። «አሳምሩት» ብለን ላክን፤ አሳመሩት። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚያብረቀርቅ ቀለም። እልልታው ይቀልጣል። ቪዲዮውን አቁማችሁ ግድግዳውን አጉሉት፦ ይሁዳ ሁለት ዓይን አውጥቷል! ከውጭ አገር ፖስተር ተገልብጦ ነዋ፤ ፖስተሩ ሕጉን አያውቅ። ሠዓሊውን አልወቅስም፤ የተሰጠው ፖስተር፣ የተነገረው «ልክ እንደዚህ»፣ የተከፈለው በካሬ ሜትር ነው።

ጉዳቱ መልክ ብቻ አይደለም። የድሮው አሠራር እንዲህ ነው፦ ግድግዳው በጭድ ጭቃ ይመረጋል፣ አቡጀዲ በሙጫ ይለጠፍበታል፣ ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ ይሣልበታል። በዋንዛ ገበታ ላይ ከሆነም ጄሶ በቆዳ ሙጫ ተለውሶ መደቡ ይሆናል። ሙጫው ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ስለዚህ በሳሙና የራሰ ጨርቅ ያነሣው ጥላሸቱን ብቻ አይደለም፤ ቅዱሱም አብሮ ወደ ባልዲው ይገባል። ጭቃው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ይመልሳል፤ ይተነፍሳል። ላዩ በዘይት ቀለም ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። አዲሱ ቀለም ይኮፈሳል፣ ሲረግፍም የሥሩን አሮጌ ሥዕል ይዞት ይረግፋል። የተላጠ አቡጀዲ በአናጢ ነጭ ኮላ መለጠፍ ሌላው ነው፤ የቆዳ ሙጫ ነገ ሌላ ሰው በጥንቃቄ ሊያላቅቀው ይችላል፣ ነጩ ኮላ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ።

ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። ጠላቱ ከላይ ነው የሚገባው፤ የቆርቆሮው ምስማር ዝጎ ተከፍቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በአንድ መስመር ይወርዳል። ሥዕል ላይ ያንን ቡናማ መስመር ካያችሁ የሚጠራው ሠዓሊ ሳይሆን ቆርቆሮ መቺ ነው። ከዚያ ከመሠረቱ ዙሪያ ውሃ የሚያርቅ ቦይ። ከዚያ የሌሊት ወፉን መግቢያ መዝጋት። ከዚያ ብርሃን በጎን እያበሩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጽሕፈቱ እስኪነበብ ድረስ ፎቶ ማንሣት፤ ስልክ ይበቃል። ብሩሽ የሚያነሣ ሰው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም የሚመጣ ከሆነ።

ፈረንጅም አጥፍቷል፣ አይካድም። አምስተርዳም ያለው የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» የተሣለው እ.ኤ.አ. 1642 ነው፤ ሌሊት አይደለም፣ ቫርኒሹ ጠቁሮ ነው ሌሊት የሆነው። እ.ኤ.አ. 1715 ደግሞ በሁለት በሮች መካከል አልገባ ሲል በአራቱም ጎን ቆረጡት። ልዩነቱ ከ2019 ጀምሮ በመስታወት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ሕዝብ እያየ፣ ቀለሙን በጥቃቅኑ እየመረመሩ መሆናቸው ነው። የቆረጡትን ቆረጥን ይላሉ። የእኛ ኮሚቴ «ማን ነው የቀባው?» ሲባል «ታድሶ ነው» ይላል፤ አድራጊ የሌለው ግሥ።

ከአንኮበር የተነሣው አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል ሠርቶ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ከፍሎ አሳይቷል። ጥቁር ድንበር የተሰጠው ደማቅ ቀለም፣ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት። እሱን ለማየት ፓስፖርት ይዞ የሚመጣ አለ። የዚያ ዓይን አያት የሆነው ግድግዳ ግን በሰፈሩ እየታሸገ ነው።

ደግሞ የሚያናድደው ጫፉ ነው። ሥዕሉን ያሠራው ሰው በድሮ ሥዕሎች ላይ ከሁሉ በታች፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቆ ይሣላል። ትንሽ ነው፤ አጠገቡ «ዘከመ ተማኅፀነ» ተብሎ ስሙ ይጻፋል። ባላገር ሊሆን ይችላል፣ ወይዘሮ ልትሆን ትችላለች። የዚያ አጥቢያ ታሪክ ሌላ ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል፤ እዚያች ጥግ ግን አለ። እድሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? እግርና ጭቃ እንዳያቆሽሸው ተብሎ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ዙሪያውን በግራጫ ዘይት ቀለም ማሰር። ስማቸው ያለው እዚያች አንድ ሜትር ውስጥ ነው። የቀለሙን ዋጋ የላክነው ደግሞ እኛ፣ የልጅ ልጆቻቸው።