ባዶዋን አትተኩሱብኝ!

ወገን፣ በአላህም በእግዜርም ይዣችኋለሁ፣ የአየር ጠመንጃዬን ባዶዋን አትተኩሱብኝ!

ደሴ ውስጥ ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ያለው ሰው ኑሮው ይኼ ነው። እንግዳ ይመጣል። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ "እስቲ ያችን ነገር አምጣት" ይላል። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ነውና ከሳጥኗ አወጣለሁ። ይቀበለኝና በርሜሏን ወደ ታች አጥፎ ያቀባብላል፣ ወደ ግድግዳው ያነጣጥራል፣ ቃታ ይስባል። ጧ! "ቀላል ናት" ብሎ ይመልስልኛል። ስቆጣ የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ "ጥይት የለባትም እኮ፣ ምን ትሆናለች?"

ጥይት ስለሌለባት ነው እኮ የምትጎዳው! እስቲ ስሙኝ። ይቺ መሣሪያ ባሩድ የላትም። በርሜሏን ስታጥፈው ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ይታመቅና ከነፒስተኑ ይቆለፋል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ ያ የታመቀ አየር ነው የእርሳሷን ፍሬ ገፍቶ የሚያስወጣት። ፍሬዋ በርሜሉን ደፍና ስትይዝ አየሩ ቶሎ መውጫ ስለሚያጣ የፒስተኑን ፍጥነት መጨረሻው ላይ ይገታዋል። ፍሬ ከሌለ ግን አየሩ ሾልኮ ይሄዳል፣ ፒስተኑም ከነኃይሉ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ያ "ጧ" የምትሉት እሱ ነው። እንዲህ እየተደጋገመ ሲሄድ የፒስተኑ ጎማ ይበላሻል፣ ሞላውም ሊሰበር ይችላል። እዚህ መለዋወጫው የት ይገኛል?

በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ስስ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመጀመሪያውም ያንሳል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ የተኮሰ ሰው ፍሬዋ ትንሽ ፈጠን ስትል የሚያየው ለዚህ ነው። ስለዚህ እኛ ደጋ ያለነው ሰዎች ከማንም በላይ ልንጠነቀቅላት ይገባ ነበር።

"የጀርመን ሥራ ከሆነች ምን ይሰብራታል?" የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ የጀርመን ናት። ዲያና የሚባለው ፋብሪካ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ቫይራውክ የሚባለው ሌላው የጀርመን ፋብሪካም የአየር ጠመንጃ መሥራት ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። በደንብ ከተያዘች ለልጅ ልጅ የምትተላለፍ መሣሪያ ናት። በደንብ ከተያዘች ነው ያልኩት!

የሚያበሳጨኝ ዋናው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። እኛ ዘንድ ጠመንጃ አላውቅም የሚል ወንድ የለም። ምንሽር፣ አልቤን፣ ክላሽ፣ ሁሉም ይፈታል ሁሉም ይገጥማል። ስለዚህ ስለ አየር ጠመንጃ ልንገርህ ስትለው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ባለፈው አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን አዛውንት ልሞክራት አሉ። ሰደፏን ትከሻቸው ላይ ጥብቅ፣ ፊተኛውን እጅ ጭምድድ፣ ልክ እንደ ምንሽር። "አያ፣ ላላ አርገው ይያዟት" አልኳቸው። "አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ተኩስ የማውቀው" አሉ። ተኮሱ፣ ሳቱ። ደገሙ፣ ሳቱ። "ጠመንጃህ ጠማማ ናት" ብለው ሰጡኝና ሄዱ። ተኩስ እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። ግን ይቺ ሌላ ነች!

የባለ ሞላ ርግጫ እንደ ሌላው አይደለም። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ጠመንጃዋ ወደ ኋላ ትላለች፣ ፒስተኑ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ትነጥራለች። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ፍሬዋ ገና ከበርሜል ሳትወጣ ነው። ጨምድደህ ከያዝካት አያያዝህ በተለወጠ ቁጥር ፍሬዋ የምታርፍበት ቦታም ይለወጣል። የፊት እጅህን መዳፍ ዘርግተህ አሳርፋት፣ ጣትህን አታጥብቅባት፣ ትከሻህም ላይ በስሱ አስጠጋት። በፈለገችው ትራገጥ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አያያዝ ከያዝካት አንድ ቀዳዳ ላይ ትደራርብልሃለች።

አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ "ደርቃለች" ብሎ በማሽን ዘይት አጥቦ ሰጠኝ። በርኅራኄ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የታመቀ አየር ይግላል፣ የናፍጣ ሞተር የሚነሳውም በዚሁ ነው። ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ተቀጣጠለ፣ ድምፁ ሰፈሩን አናጋው፣ ጭሱ በአፈሙዟ ወጣ። እባካችሁ፣ አየር የሚጨመቅበት ክፍል ውስጥ ዘይት አታፍስሱ። ውጪውን በስሱ በዘይት ጨርቅ ማበስ ይበቃታል። አቀባብላችሁም አትተዋት፣ ሞላው ይደክማል። ፍሬ ስታጎርሱ በርሜሉን በሌላኛው እጃችሁ ያዙ፣ ካመለጠ ተመልሶ ጣት ይቆርጣል።

ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽርም እንዲሁ። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ ውድ መነጽር ካሰርኩባት ያስተማምናል የሚል አለ። ያ መነጽር የተሠራው ወደ አንድ ወገን ብቻ ለሚመጣ ግፊት ነው። ይቺ ወደ ሁለቱም ትነጥራለች፣ ውስጡን ታፈርሰዋለች። ለባለ ሞላ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን መነጽሩን ተዉት፣ በራሷ ማነጣጠሪያ ተለማመዱ። አዲስ ከሆነች ጥቂት መቶ ፍሬ እስክትተኩሱ ድረስ አትረጋም፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላው ብሶቴ "በሷ ዋኔ አትመታም?" የሚለው ጥያቄ ነው። አልመታም። የሰፈር ልጆችም ዛፍ ላይ ያለ ወፍ እያሳዩኝ ሲለምኑኝ ጨካኝ የሆንኩ ይመስላቸዋል። ኢላማ መምታት ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፣ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር አለ። እዚያ 10 ነጥብ የምታሰጠው ቦታ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ግማሽ! እሷን መምታት ወፍ ከመግደል አያንስም።

መጫወቻ ናት የሚለውም ያናድደኛል። የጀርመን ሕግ ያለ ፈቃድ የሚፈቅደው እስከ 7.5 ጁል ጉልበት ያላትን ነው፣ ክላሽ 2,000 ጁል ገደማ ይተፋል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ ግን 7.5ቷም ዓይን ታፈሳለች። ስለዚህ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ አትዞርም፣ ባዶም ብትሆን። ግቢ ውስጥ በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ፊት ለፊት ብቻ ነው የምተኩሰው። ወደ ውጪም አላወጣትም፣ በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚያይህ ሰው የአየር ጠመንጃና ክላሽ ለይቶ አይጠብቅህም። ወረቀቷ የተሟላ ቢሆንም እንኳ።

አሁን የቀረችኝ ፍሬ ጥቂት ናት። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጫፉ የተጣመመ፣ መጠኑ የተዘበራረቀ ሆኖ በርሜሉ ላይ አንዱ ይላላል አንዱ ይጠብቃል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ቢሆን፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ጫፉ ክብ የሆነ ጥራት ያለው ፍሬ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።