የዓለም ጉዳይ ኮሚቴ፣ ፒያሳ ቅርንጫፍ

ለአገር የሚያስብ ሰው ጠፋ የሚሉ ሰዎች ፒያሳ መጥተው አያውቁም። ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ካፌ፣ ጥጉ ላይ ካለው ጠረጴዛ፣ ለአገር ብቻ ሳይሆን ለዓለም የሚያስቡ ስድስት ሰዎች በየቀኑ ይቀመጣሉ። አንዱ እኔ ነኝ። ምስጋናዬ ራስን ማሞገስ ከመሰለ ይቅርታ።

ቀኑ ጳጉሜ 5፣ 2017 ነው። ውጭ ሰዉ ይራወጣል። ቄጠማ የተሸከመ፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለ፣ በግ የሚጎትት፣ በበግ የሚጎተት። እኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቃቅን ነገር ጊዜ የለንም። የዓለምን ዓመት መገምገም አለብን። አምስት ቀን ያላት ወር ለእኛ ብቻ ተለይታ የተሰጠችን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ረቡዕ ስለሆነ ግማሾቻችን የጾም ማኪያቶ አዘናል። የቀረነውን እግዜር ይቅር ይበለን።

ዱሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን፣ አከራዩ ሰዓቱን እያየ ሲያስጨንቀን፣ ተሻምተን አንብበን እንመልስ ነበር። አሁን ዩቲዩብ አለ። ያውም አፍጥነነው ነው የምንሰማው። ዓለም ብዙ ናት፤ ማኪያቶ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል።

መጀመሪያ የሚናገረው ጄኔራሉ ነው። የጦር ሰፈር በር ረግጦ አያውቅም። ጡረታ የወጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ነው። ማዕረጉን ያገኘው ሰኔ ላይ እስራኤልና ኢራን 12 ቀን ሲዋጉ ነው። በእነዚያ 12 ቀናት ከእኛ ጠረጴዛ ስኳር ማግኘት ጭንቅ ነበር። የስኳር ብልቃጡ ቴህራን፣ የስቴኪኒው ዕቃ ቴል አቪቭ ሆኖ ነበርና። መሀል ላይ የተጋደመችው የሻይ ማንኪያ የሆርሙዝ ሰርጥ ነበረች። ማንኪያዋን ያነሣ ሰው «ነዳጁን ዘጋህብን እኮ!» ይባላል። ካርታው ትክክል አልነበረም። ግን ጄኔራል ማን ያርማል?

ካርዲናልም አለን። ዕድሜ ልኩን ኦርቶዶክስ ነው፤ ሹመቱ የሙያ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13፣ ሲያርፉ «ቀጣዩ አፍሪካዊ ነው፣ አለቀ ደቀቀ» ብሎ አወጀ። ማስረጃ ጠየቅነው። የኛው ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ድምፅ ሊሰጡ ሮም መግባታቸውን ነገረን። 133 ካርዲናሎች ገቡ፣ በር ተዘጋ፣ ሚያዝያ 30 ነጭ ጭስ ወጣ። ቺካጎ የተወለዱት ሊዮ 14ኛ ሰገነቱ ላይ ብቅ አሉ። ካርዲናላችን ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። «ፔሩ ብዙ ዓመት ኖረዋል» አለ። «ፔሩ ማለት ደግሞ ያው እኛው ነን።»

አጨበጨብንለት።

የጠረጴዛችን ትልቁ ጸጋ ይኼ ነው። ተሳስተን አናውቅም። ያልነው ሲሆን «ብዬ ነበር» እንላለን። ያልነው ሳይሆን ሲቀር «ጠብቄው ነበር» እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ሾልኮ ያመለጠ ነገር እስካሁን የለም።

ትናንት ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ። ጄኔራሉ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። የቤቱ ሮቶ መቼ እንደሚሞላ የምታውቀው ግን ሚስቱ ናት። (እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ ላቁም። ደስ ብሎናል። ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ከደሞዙ እየተቆረጠ ቦንድ ሲገዛ የኖረ ሰው ደስ ቢለው ምን ያስገርማል?)

አሁን ወደ አስተናጋጃችን ልምጣ።

ሰኔ 16 ማታ ኢራን ኳታር ያለውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሚሳኤል መታች። በማግስቱ አስተናጋጃችን ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ነበር የምትመላለሰው። ሁለት ጊዜ ትእዛዝ አሳሳተች። ጄኔራሉ ተቆጣ።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ታላቅ እህቴ ዶሃ ናት፣ ጋሼ። ስልክ አታነሣም።»

ጄኔራሉ ለሰለሰ። ሰው ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጪ አላላትም እንጂ ቴህራንን ጠጋ አድርጎ ኳታር የት እንዳለች አስረዳት። እህቷ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረችበትን አገር ማለት ነው። የተመታው ከከተማ ውጭ ያለ ሰፈር እንደሆነ ነገራት። ዶሃን ግን ማንም አይነካትም፤ «ፈርም ብትዪኝ እፈርማለሁ» አላት። «እሺ ጋሼ» ብላ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች። እህቷ በኋላ ደውላላት መሰለኝ። አልጠየቅናትም። የሆርሙዝ ጉዳይ ገና አልተቋጨም ነበር።

ትናንት፣ እኛ ግድባችንን በቴሌቪዥን ስንመርቅ፣ እስራኤል ዶሃን ደበደበች። ጦር ሰፈሩን አይደለም፣ ከተማዋን። የሐማስ መሪዎችን ፍለጋ ነው ተባለ።

ዛሬ ጄኔራሉ ገና ወንበሩን ሳይስብ «ጠብቄው ነበር» አለ። ስድስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አስተናጋጃችን ማኪያቶውን ስታስቀምጥ ዓይኗ አብጧል። ጄኔራሉ ቀና ብሎ አያት።

«ዶሃን ሰማሽ አይደል? ብዬሽ አልነበር?»

«አዎ ጋሼ» አለች። «ብለውኝ ነበር።»

እህትሽስ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ወሬው አላስካ ደርሷል። ነሐሴ ላይ ትራምፕና ፑቲን ሲገናኙ ማን ቀድሞ እጁን ዘረጋ የሚለው ለሁለት ከፍሎናል። እንዲህ ያለ ክርክር ጥሎ መውጣት ነውር ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ለበዓሉ ልንዘጋ ነው አለችና ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጄኔራሉ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ገለበጠው። አዲሱ ዋጋ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ሳምንት ሆኖታል። በዓመቱ ሦስተኛው ጭማሪ ነው።

«ይኼ ከየት መጣ?» አለ።

ሌሎቻችን ስልካችንን አየን። ካርዲናሉ ድንገት ዶሮ መግዛት እንዳለበት ትዝ አለው።

አስተናጋጃችን ቴህራንን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ እያለች አንድ በአንድ አስረዳችው።