አኜስ ጎዳርና ዣን-ሉክ ጎዳር አይዛመዱም

ሰሞኑን «ሲኒማቶግራፈሯ (የፊልም ካሜራ ባለሙያዋ) አኜስ ጎዳር የዳይሬክተሩ የዣን-ሉክ ጎዳር ልጅ ናት፤ ሥራውንም ያገኘችው በእሱ ነው» የሚል አስተያየት ሲደጋገም እያየሁ ነው። ወዳጆቼ፣ ይህ ልክ አይደለም። ስማቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አኜስ እ.ኤ.አ. በ1951 በመካከለኛው ፈረንሳይ ተወለደች። ፓሪስ ፊልም ተምራ ሥራውን ከታች ጀመረች። ማጣራት ለሚፈልግ፣ በ1984 የወጣውን «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» የተባለ ፊልም እስከ መጨረሻው ይመልከት፤ ስሟን ከካሜራ ረዳቶች መካከል ያገኘዋል። ከፊልም ዳይሬክተሯ ክሌር ደኒ ጋር እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ የቀረጸችው «ቦ ትራቫይ» የተባለው ፊልም ደግሞ በ2001 ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት አስገኝቶላታል። በጠራራ ፀሐይ ልምምድ የሚሠሩትን ወታደሮች እንዴት እንዳሳየቻቸው ልብ በሉ! ወሬው በተደጋገመ ቁጥር የዚህች ሴት የዓመታት ልፋት ለሌላ ሰው ስም ይሰጥባታል።